ጌምና ቤቲንግን አትደባልቁብን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እየጠገንኩ የምኖር የቆየ አንባቢያችሁ ነኝ። ጋዜጣው እኛ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል፤ መልሴ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ። በቅርቡ ጌም ልጆቻችንን እያጠፋ ነው የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን አንገበገበኝ፣ እውነቴን ነው።

ጸሐፊው ቤቲንግ ቤት ደመወዙን የሚያራግፈውን ጎረምሳ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጌም ቤት ፊፋ የሚጫወተውን ተማሪና እናቱ ስልክ ላይ አፍጥጦ የሚውለውን ሕፃን በአንድ ገመድ አስረው «ጌም» አሏቸው። ኧረ በአላህ! ቤቲንግ ቁማር ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ስለጠሩት ጨዋታ አይሆንም። እሱን በሚገባ ውቀሱልኝ፣ እኔም አብሬ እወቅሳለሁ፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ስላለ በየቀኑ የማየውን አያለሁ። ግን ከሱ ጋር የተወቀጡት ሌሎቹስ ምን በደሉ?

ስለ አንድ ጌም ልጻፍላችሁ፤ ከዚያ ፍረዱ።

አክስቴ ጅዳ ትሠራ ነበር። በ1990 ዓ.ም ለእረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ ውስጥ አንድ ግራጫ ጌም ቦይ፣ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ፣ አወጣች። የአሠሪዋ ልጆች የጠገቡት ነው። ጌሙ ያለበት ካሴትም አንድ ብቻ ነው፤ ዶንኪ ኮንግ ይባላል። ዶንኪ ማለት አህያ መሆኑን ታላቅ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ያውቅ ስለነበር፣ ሁለታችንም አህያዋን ስንጠብቅ ሰነበትን። አህያ የለም። ያለው ግዙፍ ጎሪላ ነው። እኛ ጎሪላ የት እናውቃለን፣ «ጭላዳው» አልነው። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ጭላዳው ነው የሚለው።

ጌም ቦይን ለማታውቁት፦ ስክሪኑ ቀለም የለውም፣ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ 4 ዓይነት ድምቀት ብቻ ነው የሚያሳየው። መብራትም የለውም። ደሴ ላይ መብራት ሲጠፋ ጌም ቦይ ይሠራል፤ ችግሩ አይታይህም። ሻማ ለኩሰን ጎን ለጎን ተጠግተን ነበር የምንጫወተው፤ የወንድሜ ቅንድብ አንድ ጊዜ ተለብልቧል። የሚበላው 4 ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ነው። ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ እንደ በርበሬ። ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ ደግሞ ይደክማል። በዚያ ዘመን ባለቀለም ስክሪን ያላቸው ተፎካካሪዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ 6 ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ያ ቢመጣልን ኖሮ አባቴ በሁለተኛው ቀን ከመስኮት ይወረውረው ነበር።

ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጌም ቦይን የሠራው ጉንፔይ ዮኮይ የሚባል ጃፓናዊ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ ሲቀጠር ሥራው የመጫወቻ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠበቅና መጠገን ነበር። እንደኔ ጠጋኝ! ኒንቴንዶ ኪዮቶ ውስጥ ካርታ እየሠራ የተነሳ ድርጅት ነው፤ የተቋቋመውም በ1889 እ.ኤ.አ. ነው፣ እዚህ እኛ ጋ ውጫሌ ላይ ያ ጣጠኛ ውል በተፈረመበት ዓመት። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1989፣ ጌም ቦይን አወጣ። የዮኮይ እምነት፣ አዲስ የወጣውን ውድ ነገር ከማሳደድ የቆየውንና የረከሰውን ቴክኖሎጂ በአዲስ መላ መጠቀም ይሻላል የሚል ነበር። ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ስሰማው ግን ሱቄን የገለጸልኝ መሰለኝ።

ወደ ጌሙ ልመለስ። የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ ፂሙ ማሪዮ አለ፣ ፖሊን የምትባል ሴት አለች፣ ጭላዳው ፖሊንን ይዞ ይሸሻል። የመጀመሪያዎቹ 4 ደረጃዎች በ1981 በወጣው፣ ሳንቲም በሚበላው የጌም ማሽን ላይ የነበሩት ናቸው፤ በርሜል እየዘለልክ መሰላል እየወጣህ ልጅቷ ጋ መድረስ። አራተኛውን ስትጨርስ ጭላዳው ተከስክሶ ይወድቃል። አለቀ ብለህ ትጨፍራለህ። ይነሳል፣ ልጅቷን አፈፍ ያደርግና እንደገና ይሮጣል። ገና 97 ደረጃ ይቀርሃል።

እኔና ወንድሜ ያን ቀን እንዴት እንደጮህን! እናቴ እባብ ያየን መስሏት ከጓዳ ሮጣ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ናቸው ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ። በአብዛኛው ደረጃ ላይ አንድ ቁልፍና አንድ የተቆለፈ በር አለ። ቁልፉን ራስህ ላይ ተሸክመህ በሩ ጋ ታደርሳለህ። በቃ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ቁልፉን መሬት አስቀምጠህ ከዘገየህ ብን ብሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከፍ ካለ ቦታ ከወደቅህ ትንገዳገዳለህ፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሞትክ። ማሪዮ በእጁ ቆሞ እግሩን ወደ ላይ ያነሳል፣ በዚያው ከላይ የሚወድቅ በርሜል ይመክታል፣ ከዚያ ተስፈንጥሮ ከወትሮው ከፍ ይላል። ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከርና ይወረወራል። መቀየሪያ ስትገፋ ወለሉ ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የመሰላል ወይም የድልድይ ምልክት ታገኛለህ፤ ስትነካው ጨዋታው ቀጥ ይላል፣ የት እንደምትተክለው ትመርጣለህ፣ የተከልከው ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ጊዜውም ይቆጥራል።

ልጅ ሆናችሁ ሰኞ ማክሰኞ ተጫውታችኋል አይደል? መሬት ላይ በከሰል ተሠምሮ በአንድ እግር እንጣጥ እንጣጥ። ገበጣስ? እዚያ እግር አያስፈልግም፤ ጠጠሩን ከማንሳትህ በፊት የት እንደሚያልቅ መቁጠር ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ የማውቀው የሚዘለል ጨዋታና የሚታሰብ ጨዋታ ለየብቻ መሆናቸውን ነው። ይሄ ጌም ሁለቱን አንድ ላይ አፍልቶ አመጣቸው። መዝለል ብቻ የምትችል ከሆነ ሃያኛው ሳትደርስ ትቆማለህ። ማሰብ ብቻ የምትችል ከሆነ ደግሞ መልሱን እያወቅኸው ጣትህ ይከዳሃል።

አሁን ስለ አያቴ። አያቴ ገበጣ ላይ የሚረታት ሰው አልነበረም። ትልልቅ ሽማግሌዎች ጠጠራቸውን አስረክበው ተነስተዋል። አንድ ከሰዓት ቡና እያፈላች እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንድ ደረጃ ላይ ተቀርቅሬያለሁ። አቦል ላይ ጀመርኩ፣ ቶና ደረሰ፣ ማሪዮ ይወድቃል። በመጨረሻ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ሰውዬህ አዝዋ ገደልን ካላየሁ ይላል እንዴ?» አለችኝ።

መሰላሏ ስለምትጠፋ ነው ብዬ አስረዳኋት። ምልክቱን እነካለሁ፣ መሰላሉን እተክላለሁ፣ ሮጬ ቁልፉን ሳመጣ መሰላሉ የለም። አያቴ ትንሽ ዝም ብላ አየችና ሲኒዋን አስቀመጠች።

«መሰላሉ የሚጠፋ ከሆነ ለምን አስቀድመህ ታቆመዋለህ? መጀመሪያ ቁልፉን እሥሩ አድርሰህ አስቀምጥ። ከዚያ አቁመው።»

በረካ ሳይቀዳ በሩ ተከፈተ። አያቴ መሣሪያውን በእጇ ነክታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ቡና ሲፈላ «አምጣው እስቲ፣ የት ደረሰ?» ማለት ጀመረች። ከተማውን፣ ጫካውን፣ መርከቡን፣ በረሃውን፣ አውሮፕላኑን፣ በረዶውን እንዲህ እያልን አብረን አለፍን። ጭላዳው በየአራተኛው ደረጃ ሲመጣ እሷ አይስባትም ነበር፤ «እሱ ጉልበት ነው፣ የራስህ ጉዳይ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እነዚያ ደረጃዎች ከሌሎቹ ይቀላሉ።

እንግዲህ ጸሐፊው «ጌም ልጁን ከቤተሰቡ ይነጥላል» ሲሉ እኔ ማንን ላስታውስ?

ሁሉም ጥሩ ነበር ልላችሁ አይደለም። በዚያው ጌም የተነሳ ከወንድሜ ጋር ደም እስኪወጣ ተደባድበናል። አንድ ቀን ስከፍተው የደረስንበት ሁሉ የለም። ከአንድ ጀምር ይለኛል። ወንድሜ ነው ያጠፋው ብዬ ተነሳሁበት። ስንት ዓመት ሙሉ ካደ፣ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ አላመንኩትም። ጥገና ከጀመርኩ በኋላ አንድ የሥራ ፈት ቀን ካሴቱን ለመክፈት ወሰንኩ። ብሎኑ በተራ ካቻቢቴ አይፈታም። የእስክሪብቶ ቀፎ በእሳት አለስልሼ ብሎኑ ላይ ተጭኜ አቀዘቀዝኩት፤ ጥርሱን ይዞ ወጣ፣ በዚያው ፈታሁት። ውስጡ የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ ተበይዳለች። የደረስክበትን ደረጃ የምትጠብቀው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ያስቀመጥከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያኔ የሞተችው እሷ ናት፤ ወንድሜ ምንም አላደረገም። ነቅዬ አዲስ በየድኩ። ከዚያ ኮምቦልቻ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጤነኛ ነህ?» አለኝ።

አሁን ያንን ጌም ቦይ የሚጫወተው የእህቴ ልጅ ነው፣ 9 ዓመቱ ነው። በፊት እናቱ ስልክ ላይ ነበር። የስልኩን ጌም አብሬው ቁጭ ብዬ አየሁት። ሁለት ደቂቃ ይጫወታል፣ ማስታወቂያ። አንድ ደረጃ ያልፋል፣ ማስታወቂያ። ሲሞት «ነፍስህ አልቋል፣ ወይ ጠብቅ ወይ ግዛ» ይለዋል። ልጁ ተጣብቆ የሚውለው ጌሙ ጥሩ ስለሆነ አይመስለኝም፤ መቆሚያ ስለሌለው ነው። ስለዚህኛው ጸሐፊው ያሉትን ሁሉ እፈርማለሁ። የኔው ካሴት ግን አንዴ ተገዛ፣ በቃ። በየመሃሉ እጁን አይዘረጋም። ደረጃዎቹ አጫጭር ናቸው፤ በሩ ሲከፈት «ና እንጀራ ብላ» ብትለው ይመጣል። የድሮ ነገር ሁሉ ደግ ነው እያልኩም አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ማሪዮና ዶንኪ ኮንግ የሚፋለሙበት ተከታይ ወጥቷል፣ እሱም በ2024 እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ መንገዱ ያው ቁልፍና በር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ትንንሽ አሻንጉሊት ማሪዮዎችን ወደ መምራት ዞሩ። ለኔ ጣዕማቸው ሌላ ነው፣ ግን ጭንቅላት ያሠራሉ።

ጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ የቃላት ጨዋታ አለ። ሱቄ የሚመጡ ጡረተኞች እሱን ለመሙላት እስክሪብቶዬን እየወሰዱ አስቸግረውኛል። ማንም ግን ጋዜጣው ትውልድ አጠፋ አላለም። ታዲያ ከዚያ አጠገብ ትንሽ ቦታ ለጌም ብትሰጡ ምን አለበት? ወላጅ ስለ ጌም የሚሰማው ወይ «ከልክል» ነው ወይ ምንም። የትኛው በየመሃሉ ብር ይጠይቃል፣ የትኛው ያሳስባል፣ የትኛው ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ይህን የሚነግረው የለም። እናት ስልክ ይዛ ሱቄ መጥታ «ጌሙን ሁሉ አጥፋልኝ» ስትለኝ ከቤቲንጉ ጋር የሂሳብ ጨዋታውንም አብሬ አጠፋለሁ፤ ትእዛዝ ነዋ።

ጽሑፉን ያቀረቡት ሰው ወደ ደሴ ብቅ ካሉ ሱቄ ይምጡ፤ ሰኞ ዕለት ሥራ ስለማይበዛ ሰኞ ቢሆን ይሻላል። የእህቴ ልጅ አሁን በረዶው ላይ ተቀርቅሯል፣ እኔም መልሱ ጠፍቶኛል። ቡናም ባትሪ ድንጋይም በኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ሞባይል ጠጋኙ፣ ከደሴ ፒያሳ