ቆብ ልትደፋ ላሰበች እናቴ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ «ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ቆብ ልድፋ ብዬ ነው፤ ምን ትላለህ?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ቅር ብሎኝ አይደለም። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። አሁን ግን ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ አልቃወምሽም፣ ግን ዘንድሮ አትድፊ። አንድ ዓመት ቆብ ሳታደርጊ የቆቡን ኑሮ ኑሪው፤ ከዚያ በኋላ ከንስሐ አባትሽ ጋር ትወስናላችሁ።

በእኛ አገር አንዲት ባልቴት ስልሳ ዓመት ሲሞላት ጎረቤቱ ሁሉ «መቼ ነው የምትመነኩሺው?» ይላታል። ቅዱስ ጳውሎስ ስልሳ ዓመትን ያነሣው በመዝገብ ስለምትጻፍ መበለት ነው (1ኛ ጢሞ. 5፥9)። ግን እዚያው ላይ ልጆች አሳድጋ፣ እንግዳ ተቀብላ፣ የቅዱሳንን እግር አጥባ፣ የተጨነቁትን ረድታ እንደሆነ ይጠይቃል። ዕድሜ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ሁሉ ባልዘረዘረ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ ይህ ሐሳብ መቼና እንዴት እንደመጣብሽ መርምሪ። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብሽ ነው? ሆስፒታል ተኝተሽ «ካዳንከኝ እመነኩሳለሁ» ብለሽ ተስለሽ ነው? ወይስ ከምራትሽ ጋር ቃል ተለዋውጣችሁ ከቤት መውጣት ሲያምርሽ? ከእነዚህ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር በሐዘንም በሕመምም ይጠራል። ግን ሐዘኑ ሲበርድ፣ ቁጣው ሲያልፍ ሐሳቡ አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እኔ የምተማመንበት መፈተኛ ይህ ነው፦ በገና ቀን ቤቱ በልጅ ልጅ ተሞልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሁሉም ሲስቅ፣ ያን ጊዜም ልብሽ ወደዚያው ይሄዳል? በደስታሽ ቀን የሚቀጥል ፍላጎት በብሶት ቀን ከሚመጣው ይልቅ ይታመናል። ስእለቱን በተመለከተ ግን በራስሽ አትፍቺው፣ በራስሽም አትፈጽሚው፤ በሕመም ጭንቅ የተነገረ ቃል እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነው ንስሐ አባትሽ ነው።

ሕልም አይተሽ እንደሆነም ለእሱ ንገሪው እንጂ ጸበል ቦታ ላገኘሽው ባሕታዊ ሁሉ አታስፈቺ። መጽሐፈ ሲራክም ሕልም ብዙዎችን እንዳሳተ ይናገራል። «አንዱ አባት እምቢ ሲሉኝ ሌላው ፈቀዱልኝ» የሚባለው ነገር ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ፈቃጅ መፈለግ ነው። የንስሐ አባትሽ «ቆይ» ማለት ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛው ነገር በእጅሽ ያለው አደራ ነው። አባ እንጦንስ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ወንጌል (ማቴ. 19፥21) በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ ያለውን ሁሉ ሰጠ፤ ታናሽ እኅቱን ግን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ነው የወጣው። አንቺ ዘንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እሷን ማን ይይዛታል? ዕቁቡ ወጥቶልሽ ከሆነ ቀሪው ዙር ዕዳ ነው፣ ሳትጨርሺ አትውጪ። የእድሩን ገንዘብ በሰነድ አስረክቢ። በአጥሩ ምክንያት ከጎረቤት ጋር የቆየውን ኩርፊያም ሽማግሌ ልከሽ ጨርሺው።

ቤቱን ደግሞ በቃል «ለልጆቼ ነው» ብለሽ አትተዪው። ብዙ መነኮሳይት ቆብ ካደረጉ በኋላ ፍርድ ቤት የሚመላለሱት ይህን ሳይጨርሱ ስለሚወጡ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአንቺና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህም በጽሑፉ ላይ ተገልጦ ሁላችሁም ካልፈረማችሁበት አይጸናም። አራቱን ምስክሮች ከልጆችሽ መካከል አታድርጊያቸው፤ ነገር ያመጣል።

አሁን ወደ ዓመቱ ልምምድ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። የጸሎት ሰዓቱ ሰባት እንደሆነ ታውቂያለሽ፦ ነግህ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11፣ ንዋም ማታ 3፣ መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት። ሰባቱንም ከነገ ጀምሮ ልያዝ ካልሽ በሦስተኛው ሳምንት ትደክሚና ሁሉንም ትተይዋለሽ። በነግህና በንዋም ጀምሪ፤ ወር ሙሉ ሳይቋረጥ ከቆየ ሠርክን ጨምሪ፣ እንዲህ እያልሽ በየወሩ አንድ። መንፈቀ ሌሊትን የመጨረሻ አድርጊው፤ እንቅልፍ የጎደለው ሰው ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል፣ የሚነጫነጨውም ቤተሰቡ ላይ ነው።

ዳዊቱን በሳምንት ለመጨረስ እንደ ሥርዓቱ ክፈዪው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነውና፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ ስለሆነ ይከብዳል። ዓይንሽ ከደከመ መጀመሪያ በቀን አንድ ንጉሥ ብቻ ይበቃሻል፤ አሥራ አምስቱን ንጉሥ በአሥራ አምስት ቀን ታደርሻለሽ። ውዳሴ ማርያሙን ግን የየዕለቱን አታስታጉዪ።

ስግደቱን በጉልበትሽ ልክ አድርጊው። ግንባርሽን መሬት ማድረስ ካቃተሽ መቋሚያሽን ይዘሽ ጎንበስ በይ። በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ስግደት እንደሌለ አትርሺ፤ ያን ጊዜ ጉልበትሽም ያርፋል።

ጾሙ ላይ በጣም እሰጋለሁ። ዐቢይ ጾምን 55ቱን ቀን ጾመሽ፣ በላዩ ላይ እንደ መነኮሳቱ የፈቃዱን ጾመ ጽጌ (ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5) ልትጨምሪ ትፈልጊያለሽ። ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን ውጦ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ላብ፣ መንቀጥቀጥና መፍዘዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሲሰማሽ እዚያው ስኳር ያለው ነገር መጠጣት ነው እንጂ «ሰዓቱ አልደረሰም» ብሎ መታገሥ የለም። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሐኪሙ ንገሪና የኪኒኑን ሰዓትና መጠን ያስተካክልልሽ። እሱ ያለሽን ይዘሽ ደግሞ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፣ የጾሙን ሰዓት እሱ ይወስንልሻል። ከአንዳቸው ደብቀሽ ለሌላው ብቻ አትናገሪ።

አንድ ደብተር ይኑርሽ። ማታ ከንዋም በኋላ ሁለት መስመር ብቻ ጻፊ፦ ዛሬ የቱ ሰዓት አመለጠኝ? በማን ላይ ተቆጣሁ? ምን ዓይነት ራእይ እንደታየሽ አትጻፊበት። ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ለንስሐ አባትሽ አሳዪው። ጸሎቱ ሲጨምር ቁጣውም አብሮ ከጨመረ አንድ ነገር ትክክል አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ልክ ያለፈ ድካም ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ የት እንደምትኖሪ ይጠየቃል። ቆብ አድርጎ ቤት መኖር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ይህኛው ነው የሚከብደው እላለሁ። ሰርግ ይጠሩሻል፣ ገበያ ይልኩሻል፣ የልጅ ልጅ ያስይዙሻል፤ «እማሆይ» ይሉሻል እንጂ ኑሮሽ አይለወጥም። ገዳም ከሆነ ደግሞ በበጋ ለአንድ ቀን ተሳልሞ መመለስ አይበቃም። ደብረ ሊባኖስም ሆነ ሌላ ገዳም ብታስቢ፣ በክረምት ሁለት ሳምንት ተቀመጪና እይው፦ ውኃው ከየት ይቀዳል? ማደሪያው ይበርዳል? የታመመ መነኩሴን ማን ያስታምማል? መድኃኒት ከየት ይገዛል? በገዳም መጀመሪያ አመክሮ፣ ማለትም የመፈተኛ ጊዜ አለ፤ ቆቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዕለቱም እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደርስልሻል። «ሞክሬ ካልሆነ እመለሳለሁ» የሚባልበት ቦታ እሱ ሳይሆን አመክሮው ነው፤ በአመክሮ የተመለሰ ማንም አይነቀፍም።

መልሱ «አይደለም» ከሆነም ያንሰኛል ብለሽ አትዘኚ። ለአባ እንጦንስ በከተማ የሚኖር፣ ከሚተርፈው ለድሆች የሚሰጥ አንድ ሐኪም ከእሱ ጋር እኩል እንደሆነ እንደተገለጠለት ከአባቶች ሰምተሻል። በዓመቱ የለመድሽውን ሰዓት፣ ዳዊቱንና ደብተሩን ይዘሽ እዚያው ቤትሽ ትቀጥያለሽ፤ ከእድሩ ሴቶች ጋር የታመመ ትጠይቂያለሽ፣ ልጅቷንም ታስጨርሻለሽ።

ለአሁኑ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባትሽን ይዘሽ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ስእለቱ ምን ይሁን? ከየትኛው ሰዓት ልጀምር? ጾመ ጽጌ ለእኔ ይቅር ወይስ ይቀነስ? የሚልሽን ልጅቷ ትጻፍልሽና በስልክ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። የሐኪሙንም ቀጠሮ ንገሪኝ፤ የትራንስፖርቱን እኔ እልካለሁ።

በጸሎትሽ አትርሺን።

ልጅሽ