የመድኃኒት ፌስታልህን ይዘህ ሂድ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እትዬስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እዚህም ጀምሮናል።

እሑድ ስንደዋወል «ሽንት ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» ብለህ ወዲያው ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ያዞርከው እትዬ አጠገብህ ስለነበረች ነው፤ ገብቶኛል። ማታ ከግቢ ሆነህ በሹክሹክታ በቴሌግራም የላክኸውንም ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ሐኪሙ ፕሮስቴት ነው፣ ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ አድጎ የሽንቱን መንገድ አጥብቦታል፣ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልግህ አይቀርም ብሎሃል። አንተ ደግሞ እኔ ለዚሁ በሽታ ስለተሠራሁት የሌዘር ኦፕራሲዮን ጠየቅኸኝ። ይህን ወረቀት በሚመጣ ሰው እጅ የላክሁት ብቻህን ሆነህ እንድታነበው ነው።

ታክሲ እየነዱ ፕሮስቴት መታመም ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከዲሲ እስከ ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ የማላውቀው የማደያ ሽንት ቤት የለም። ተሳፋሪው ከኋላ «አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው» ይላል፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እነዳለሁ። ደርሼ ስቆም ደግሞ ጠብ ጠብ ብቻ። ሌሊት አራቴ እነሳለሁ። ባለቤቴን እንኳን «ውሃ አብዝቼ ነው» እያልኩ እሸውዳት ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሁለት ኪኒን ሰጠኝ። አንዱ ታምሱሎሲን ነው። የፊኛውን አፍና የፕሮስቴቱን ጡንቻ ያላላል፤ ለውጡ በጥቂት ቀን ይታወቃል። በመጀመሪያው ሰሞን ግን ከአልጋ ዘልዬ ስነሳ ዞሮብኝ ግድግዳ ይዤ ቆሜአለሁ። አንተ የግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ፣ ካዘዙልህ ቀስ ብለህ ተነሳ። ሌላው ፊናስተራይድ ነው። ይኼኛው ዝግተኛ ነው። ዕጢውን ራሱን ያሳንሰዋል፤ ግን ለውጡን ለማየት ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ያስጠብቅሃል። ፒኤስኤ የሚሉትን፣ የፕሮስቴት ካንሰር የሚጠረጠርበትን የደም ምርመራ ቁጥርም በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ኪኒኑን መውሰድህን የማያውቅ ሐኪም ቁጥሩን አይቶ «ምንም የለብህም» ሊልህ ይችላል። የሚያውቅ ግን ቁጥሩን በእጥፍ ያስበዋል።

ደግሞ ትንሿ ልጅህ ነፍሰ ጡር ናት ብለኸኛል። ፊናስተራይድ ከሰጡህ ኪኒኑን እሷ ቆርሳ እንዳትሰጥህ። የተሰበረውን ነፍሰ ጡር ሴት አትነካውም፤ ጽንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል።

ሦስት ዓመት በኪኒን ገፋሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጉንፋን ያዘኝና ከሱቅ የጉንፋን ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ሽንት ይዘጋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሌሊቱን ሽንቴ ጨርሶ ቆመ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ወገቤን ይዤ፣ ባለቤቴ እየነዳች ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ቱቦ ሲያስገቡልኝ የወጣውን ነርሷ ስትለካ አይቻለሁ፤ ከአንድ ሊትር ያልፋል። ያን ሌሊት ባለቤቴ ለእትዬ ለምን እያለቀሰች እንደደወለችላት አሁን ይገባሃል። እንግዲህ ጉንፋን ሲይዝህ ፋርማሲ ገብተህ ዝም ብለህ አትግዛ፤ ፕሮስቴት እንዳለብህ ተናገር።

ከዚያ ወዲያ የኦፕራሲዮኑ ቀን ተቆረጠ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ጻፍ የሚል ቅጽ ሰጡኝ። ሁለቱን ጻፍኩ። አስፕሪኔን ግን አልጻፍኩም። ዕድሜህ ሲገፋ ለልብ ጥሩ ነው ብሎ አንድ ጓደኛዬ ከመከረኝ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ እውጣለሁ። ለእኔ አስፕሪን መድኃኒት አልነበረም፤ እንደ ከረሜላ ነበር የማየው።

በቀጠሮው ማለዳ ያንን ከኋላው ክፍት የሆነ ቀሚስ አልብሰውኝ ተጋድሜአለሁ። ነርሷ «አስፕሪን ትወስዳለህ?» አለችኝ። «አዎ፣ ዛሬም ወስጃለሁ» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠችና ወጣች። ሐኪሙ መጣ። ማን እንዳዘዘልኝ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ አልኩት። ሳቅ ብሎ ለሌላ ቀን ቀጠረኝና ቀሚሱን አውልቄ ወደ ቤት። እንዴት እንዳፈርኩ!

አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ሌዘር ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ሰውም ይሻላል ይባላል፤ አንዳንዱን ሰው አስፕሪኑን ሳያስቆሙ ይሠሩለታል። ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። አሁን ወዳንተ ልምጣ። የአንተን አስፕሪን ያዘዘልህ የልብ ሐኪም ነው። እኔ እንዲህ ሆንኩ ብለህ በገዛ እጅህ እንዳታቆም! ልቡ የታመመ ወይም የልብ ቧንቧው ውስጥ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ) የገባለት ሰው በራሱ ሲያቆም ደሙ ሊረጋበትና ሊገድለው ይችላል። የልብ ሐኪምህና የሚሠራህ ሐኪም ይነጋገሩ። አንተ መሀል አትግባ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። የእኔ ሌዘር አረንጓዴው ዓይነት ነው። ብርሃኑን የሚይዘው የደም ቅላት ነው። ጥቁር ካቦርትና ነጭ ጋቢ ፀሐይ ላይ ብታሰጣ ጥቁሩ ቶሎ አይሞቅም? እንደዚያ ነው፤ ደም ያለበት ሥጋ ብርሃኑን ይስበውና ይተናል። ፊናስተራይድ ደግሞ የዕጢውን የደም ሥር ያሳሳል። «ታዲያ ሦስት ዓመት የዋጥኩት ኪኒን ሌዘሩን አያደክመውም?» አልኩት ሐኪሙን። ጥያቄው ጥሩ ነው አለኝ፤ ሐኪሞችም ይኼንኑ ፈርተው ነበር፤ ሲመረመር ግን ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም። ሆልሚየም የሚባለው ሌላው ሌዘር ደግሞ ብርሃኑን የሚይዘው ውሃ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነሳበትም። በሽንት ቧንቧ ገብተው በኤሌክትሪክ በሚጠርቡት በቆየው ኦፕራሲዮን ደግሞ ፊናስተራይድ መድማቱን ሊቀንስ ይችላል። ሌዘር ባታገኝ በዚያኛው አትፍራ፤ ስንቱ ሰው ድኖበታል።

ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። አንድ ሌሊት አደርኩ፤ በማግስቱ ቱቦው ወጣ። ሽንቴ ለጥቂት ቀን እንደ ከርከዴ ሻይ ቀላ፣ ለሳምንታትም አቃጠለኝ። አሁን ሌሊት አንዴ ብነሳ ነው። ያ ነገርስ ለምትለው፣ ስሜቱ አለ፤ ፍሬው ግን ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ስምንተኛ ልጅ ካላሰብክ አይቸግርህም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። እትዬ ዓይንህ ላይ ሞራ ገብቷል ብላኛለች። ታምሱሎሲን ብሌኑን የከበበውን የዓይን መጋረጃ ያልፈሰፍሰዋል። የሞራ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ጊዜ መጋረጃው እየተወዛወዘ ሐኪሙን ያስቸግረዋል። ይህን ሁለት አሜሪካውያን የዓይን ሐኪሞች ያሳወቁት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ኪኒኑን ካቆምክ በኋላም ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ማቆሙ ዋስትና አይሆንም። የዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይገባል። ምናልባት የትኛውን ኦፕራሲዮን እንደምታስቀድም ራሱ ይመክርሃል።

የምትውጠውን ሁሉ፣ የግፊቱን፣ አስፕሪኑን፣ እትዬ የምታፈላልህን ቅጠል ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ሰብስብ። ካርቶኖቹን አትጣል። ጠረጴዛ ላይ ደርድረህ ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ፤ ሐኪም ጋ የምትይዘው ግን ፌስታሉን ነው። ለእትዬ ሹራብ ልኬአለሁ፤ ካልበቃት ለትልቋ ልጅ ይሁን። ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ በሐሙስ ይደርስሃል፤ ለጤፍ እንዳታውለው።

ታናሽ ወንድምህ