ደብዳቤ ለልጄ፦ ድምፁ ከወጣ በኋላ አትጫኚ

የኔ ዓለም፣

ክንድሽን እንደሚያምሽ ስትነግሪኝ "ትንሽ ነው አባዬ" ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። በስልክ ልጨቃጨቅሽ ስላልፈለግኩ ነው የምጽፍልሽ።

የፒያኖ ሆድ ከፍቼ ስሠራ እያየሽ ነው ያደግሽው። ቁልፉ የሚወርደው 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ለማውረድም 50 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ታች ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መዶሻው ይላቀቅና ብቻውን ሄዶ ሽቦውን ይመታል። ከዚያ በኋላ ብትጫኚው ድምፁ አይጨምርም፣ አያምርምም። ቁልፉን መያዝ የሚጠቅመው ማፈኛው ሱፍ ሽቦው ላይ እንዳያርፍ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ የእጅሽ ክብደት ይበቃል። አንቺ ግን ኃይለኛው ክፍል ላይ ስትደርሺ ግድግዳ እንደሚገፋ ሰው ትሆኛለሽ። ቪዲዮሽን አይቼዋለሁ፤ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ወጥቷል!

ጣት የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ጅማታቸው በእጅ አንጓ አልፎ ጣት ይደርሳል። አንጓሽን አጣመሽ ስትጫኚ ክንድሽን ቢያምሽ ምን ይገርማል?

እስቲ አንድ ኮርድ፣ ሦስት አራት ቁልፍ ባንዴ፣ ምቺ። ድምፁ እንደወጣ ቁልፎቹን ሳትለቂ ጉልበቱን ልቀቂው። በግራ እጅሽ የቀኝ አንጓሽን ከሥር ከፍ ዝቅ አድርጊው። እሺ ካለ ጥሩ፤ ከደረቀ ገና እየተጫንሽ ነው። ፈጣኑን ነገር ከዚህ በፊት አትንኪው። ወንበርሽንም ክርንሽ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን አስተካክዪ፤ ካንቺ በፊት የተቀመጠው ሰው ልክ ያንቺ ልክ አይደለም።

ፒያኒስቱና የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን ተማሪዎቹን ነጭ ቁልፎችን ብቻ በሚነካው በሲ ሜጀር አያስጀምርም ነበር። ጣቶቻቸውን ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ እና ቢ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ረጃጅሞቹ ሦስት ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ ነጮቹ ላይ ያርፋሉ፤ እጅ ሳይጨነቅ ቅርጹን ያገኛል። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ መለማመድንም አይወድም ነበር። አንቺ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጪ አልጠይቅሽም፤ እናትሽ ነግራኛለች።

"ካላመመ አልሠራሽም" የሚሉት ነገር ለጂም ይሁን። ፒያኒስት ለመሆን ይለፋ የነበረው ሹማን ቀኝ እጁ የተበላሸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ነው። እሱስ ሙዚቃ ደርሶ ካሰው።

ሕመሙ እስኪለቅሽ እጅሽን ዘርግተሽ የምትመቺውን የኦክታቭ ልምምድ ተዪው። ካልለቀቀሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ዘይት ማሸት ብቻ አይበቃም። ወንበሩን ካስተካከልሽ በኋላ ከጎን ፎቶ ተነሥተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ