ወፍራም ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ውፍረት በተጻፈ ቁጥር ምክሩ ያው ነው፤ «አፍህን ያዝ»። እኔ ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል።

የሰውነታችን ስብ ሆርሞን፣ ማለትም በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ኬሚካል፣ ያመነጫል። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው ጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን የስብ ሆርሞን አገኘ። ሌፕቲን ከስብ ተነስቶ በደም አንጎል ይደርስና «በቂ ስንቅ አለ» ይላል። ሌፕቲን ጨርሶ የሌላቸው ሆነው የሚወለዱ ጥቂት ልጆች አሉ። ቢበሉ ቢበሉ አይጠግቡም፤ ክብደታቸው በሕፃንነታቸው ያሻቅባል። ሆርሞኑን በመርፌ ሲያገኙ ግን ረሃቡ ጋብ ይላል። እነዚህን ልጆች ማን ነው ሆዳም የሚላቸው?

የአብዛኛው ወፍራም ሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ሌፕቲኑ ሞልቷል፤ አንጎሉ ነው በደንብ የማይሰማው። ያው ሌፕቲን ደግሞ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን ያነሳሳል። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይጨምራል፣ የሰውነትን ቁጣ (ብግነት) የሚያበርደው ሌላው የስብ ሆርሞን አዲፖኔክቲን ይቀንሳል። ማክሮፌጅ የሚባሉት ተከላካዮች ስቡ ውስጥ ይከማቻሉ። ጀርም ሳይኖር ሰውነት ቀስ እያለ ይቆጣል። በደም ያለውን ስኳር ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል፤ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታም በከፊል በዚህ በኩል ይመጣል።

ረሃብም ጣጣ አለው። በምግብ እጥረት የከሳ ሕፃን ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ መከላከያውም ይዳከማል። ኢንፌክሽን ቶሎ የሚጥለው በከፊል ለዚህ ነው።

እባካችሁ፣ በጤና አምዳችሁ ላይ አንድ የሆርሞን ሐኪም ጋብዙልን። ከክብደታቸው ጋር የሚታገሉ አንባቢዎቻችሁም ጥያቄያቸውን ይላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ