ለልጅ ዘፈን ማን ይሸልም?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወላጅ ስልኩን ይቀማ፣ ሰዓት ይገድብ ይላል። እሺ፣ ይገደብ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ ባይቀመጡ ይመክራል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ልጁ ምን ያያል? ማንስ ይሠራለታል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፣ የምጽፈው ጉዳይ ኪሴንም ይነካል። ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ አውራ ዶሮ አለ። አንድ ቀን ልጄን «ዶሮ ምን ይላል?» አልኩት። «ዱድል ዱ» አለኝ። ዶሮው እኮ አጠገቡ ቆሟል! እኛ በእሱ ዕድሜ «ኩኩሉ» ስንባል «አልነጋም» እያልን ከጓሮ ጓሮ ስንደበቅ ነው ያደግነው። በልጁ አልፈረድኩም። ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አብሮኝ ሠርግ የሚሠራ ባለማሲንቆ አለ። የቡርባክስ ሰው ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቡርባክስ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለ የአዝማሪዎች መንደር ነው፤ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድበት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። «አያ፣ ለልጆች አንድ ነገር ብንሠራስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ልጅ ምን ይሸልመኛል?»

እንደ ቀልድ ጀመርነው። የቤቴ ሳሎን፣ አንድ ካሜራ፣ ሁለት መብራት፣ አምስት የጎረቤት ልጆች። አያ ስለ ቀለማት ግጥም ደርሶ መጣ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተበላሸ። በሠርግ ምት ጀመረው፤ ልጆቹ እስክስታ ሞከሩ፣ አንድ ቃል ግን አልያዙም። በለመደው ከፍታ ሲዘፍን ደግሞ እነሱ ይጮሃሉ። የማሲንቆውን ጭራ አላላ፣ ድምፁን አወረደ፣ ምቱን በግማሽ ቀነሰ። ወይ ፍንክች።

ከዚያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ ከሠርግ ትስማው ከየት እንጃ፣ ድንገት «ተቀበል!» አለች። አያ ደነገጠ። «እሺ እመቤቴ፣ ልቀበል።»

«ድመቷ ወተቴን ጠጣችው!»

ማሲንቆው ተቀበለ። መስመሯን እያዞረ ዘፈነላት። «ደግሞስ?» አላት። «እማዬ አባረረቻት!» ያንንም ዘፈነ። ወዲያው አምስቱም «ተቀበል» እያሉ ይጋፉ ጀመር። የአንዱ ጫማ ጠቦታል። የአንዷ አያት ጥርስ የላትም። የቀለማቱ ግጥም እዚያው ቀረ።

ሲያልቅ ያቺው ልጅ የከረሜላ ወረቀት በምራቋ አርሳ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። ሠርግ ላይ ሲደረግ አይታለች። አያ ወረቀቱን ሳያነሳ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ።

የአዝማሪ ሥራ የሚኖረው በሽልማት ነው። ፊት ለፊት ይዘፍናል፣ ደስ ያለው ብር ይለጥፍለታል። ለልጅ ሲዘፈን ግን አድማጩ ኪስ የለውም። ኪስ ያለው ወላጅ ደግሞ አይሰማም፤ ስልኩን ሰጥቶ ወደ ጉዳዩ ሄዷል።

ዩቲዩብ ይከፍል የለም ወይ ይሉኛል ሰዎች። እዚያም ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስባችኋል ተብለው አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ «ለልጆች የተሠራ» በሚባል ቪዲዮ ላይ ተመልካቹን እየተከታተለ የሚመጣ ማስታወቂያ አይገባም። አስተያየት መስጫው ይዘጋል። አዲስ ሥራ ሲወጣ ደወሉ አይደውልም። ልጅን ከሚሰልል ማስታወቂያ መጠበቁን እደግፋለሁ፣ አባት ነኝ። ግን ገቢው ይሳሳል። ሚሊዮኖች የሚያዩት የእንግሊዝኛ ቻናል ይችለዋል። አንድ ባለማሲንቆና አንድ ቀራጭ ከየት ያመጡታል? ክሊፑን የጫንን ሰሞን አንድ ጓደኛዬ «ምን ብለው ሰድበዋችሁ ነው አስተያየቱን የዘጋችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኛ ከተማ ደግሞ ዩቲዩብ ራሱ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የልጆች ቪዲዮ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነበር የሚዞረው። እኔም ሱቄ ውስጥ ስገለብጥ ከረምኩ። የማን ድካም እንደሆነ አልጠየቅኩም። የገባኝ የእኛው ክሊፕ ስማችን ተፍቆ በሌላ ቻናል ሲወጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም የፕሮዲዩሰሩንም መብት ይጠብቃል። ለአንድ የልጆች ክሊፕ ጠበቃ የሚያቆም ግን ማን ነው?

አባባ ተስፋዬ ከ1957 ጀምሮ ለ42 ዓመት ልጆችን በቴሌቪዥን ሲያጫውቱ ከኋላቸው ጣቢያ ነበር። ዛሬ ለልጅ የሚሠራ ሙዚቀኛ ስቱዲዮ ይከራያል፣ ለአቀናባሪ ይከፍላል፣ ለቀራጭ ይከፍላል (እኔ በዱቤ ነው የሠራሁት)፣ ከዚያ ሠርግ ዞሮ ኪሳራውን ይሞላል።

ታዲያ ማን ይሸልም? እኔ አንድ ቦታ አይቻለሁ። በየሰኔው የኬጂ ምረቃ እቀርጻለሁ። ጋዋን አለ፣ ቆብ አለ፣ ኬክ አለ። ወላጅ ለጋዋኑም ለፎቶውም ለእኔም ይከፍላል። ሙዚቃው ግን ዲጄው ያመጣው የጭፈራ ቤት ዘፈን ነው። አምና የስድስት ዓመት ልጆች ስለ ከዳች ፍቅረኛ በሚያለቅስ ዘፈን ሲደንሱ ቀረጽኩ። ወላጅ አጨበጨበ። እኔም ኤዲት አድርጌ ሒሳቤን ተቀበልኩ።

80 ተመራቂ ያለው ኬጂ ከእያንዳንዱ ወላጅ 100 ብር ቢጨምር 8,000 ብር ነው። የስቱዲዮ ቅንብር አያሠራም። አንድ ባለማሲንቆ ግን ሁለት ሦስት ቅዳሜ መጥቶ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀበል እየተባባለ፣ የራሳቸውን ዘፈን ያወጣላቸዋል። ምረቃው ላይ ይዘፍኑታል። እንደ ጋዋኑ በማግስቱ አይመለስም፤ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ፣ ለታናናሾቻቸው ይዘፍኑታል። ርእሳነ መምህራን ይህን ለመወሰን የማንም ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም።

የሙያ አጋሮቼንም አንድ ነገር ልበላቸው። ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛውን ዜማ እንዳለ እናመጣና የአማርኛ ቃል እንለጥፍበታለን። ቃሉ ከዜማው ጋር ይጣላል። የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል። አፉን ገና እየፈታ ላለ ልጅ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያሉን ምን አስቸኮለን? ጎንደር ውስጥ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው 231ዱንም ያጠናው በዜማ ነው።

የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ክሊፑን መጀመሪያ እንደ ሠርግ ሃይላይት በየሁለት ሴኮንዱ እየቆረጥኩ ነበር ኤዲት ያደረግኩት። ልጄ ትንሽ አየና ወደ መኪናው ተመለሰ። የፕላስቲኩን ነው የምለው። በኋላ የድመቷን ነገር ሳልቆርጥ ሙሉውን ስተወው «ድገመው» አለኝ። ዘጠኝ ጊዜ ደገምንለት። እናቱ መጥታ ስልኩን ከሁለታችንም ቀማች። ይኸው፣ እናንተ ያላችሁት የሰዓት ገደብ እሷ ዘንድ በደንብ ይሠራል።

ዶሮውን በተመለከተ ገና አልተስማማንም። አንዳንድ ቀን ኩኩሉ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ዱድል ዱ።

ክሊፑን ለክፍሉ የሚፈልግ የኬጂ መምህር ፍላሽ ይዞ ፒያሳ ብቅ ይበል፣ በነፃ እገለብጣለሁ። አያም ፈቅዷል። ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ግን አደራ፣ ባለፈው የሁለት ሠርግ ፋይል ነው የበላብኝ።

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ
ከጎንደር