ለብሉኖዝ ገዢዎቻችን፦ ዋልነቱን ለምን በባስዉድ እንደተካነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለገና ብላችሁ የገዛችሁትን የብሉኖዝ ሣጥን፣ ማለትም ራሳችሁ የምትገጣጥሟትን ትንሽ የእንጨት መርከብ ሞዴል፣ ስትከፍቱ ዋልነት የተባለውን ጠቆር ያለ እንጨት በጠበቃችሁበት ቦታ ባስዉድ የተባለ ነጣ ያለ እንጨት አግኝታችሁ ያዘናችሁ ብዙዎች ናችሁ። ደውላችሁ ነግራችሁናል። «ዋጋ ጨምራችሁ እንጨቱን አረከሳችሁብን» ያላችሁን አሉ፤ ይህ ቃል ከብዶናል። ሳንነግራችሁ መቀየራችን ጥፋት ነው፤ የሣጥኑም ሥዕል ቀድሞ መለወጥ ነበረበት። ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። እንጨቱን ስለመለወጣችን ግን የምንከላከለው ነገር አለን፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ብሉኖዝ ማርች 26 ቀን 1921 በኖቫ ስኮሺያ፣ ሉነንበርግ ላይ ወደ ባሕር የወረደች የዓሣ አጥማጆች ስኩነር (ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ) ናት። ከ1937 ጀምሮ በካናዳ የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ የምትታየው ባለ ሸራ መርከብ እሷ ናት። የተሠራችው ከኦክ፣ ከስፕሩስ፣ ከበርችና ከጥድ ነው እንጂ ከዋልነት አይደለም። ቀፎዋም (የመርከቧ ገላ) ቀለም የተቀባ ነው፤ ከውኃው መስመር በላይ ጥቁር፣ በታች ቀላ ያለ። ስለዚህ መመሪያውን ተከትሎ የጨረሰ ሰው የቀፎውን ዋልነት ዳግመኛ አያየውም። አገር ቤት የዋንዛ ሣንዱቅ አሠርቶ ጥቁር ቀለም የሚቀባው ማን ነው? ዋንዛ የሚገዛው እንዲታይ ነው። ዋልነትም እንዲሁ ነው፤ ቀፎአቸው በቫርኒሽ ብቻ በሚጨረስ መርከቦቻችን ሣጥን ውስጥ ዛሬም አለ፣ ወደፊትም ይኖራል።

ዋልነት ከቀለም ሥር መዋሉ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልነካነው ነበር። ችግሩ ሥራውን ማበላሸቱ ነው። ዋልነት ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቀለም ሲያርፍበት ጥቃቅን ጭረቶቹ ሁሉ ጎልተው ይወጣሉ። ለማለስለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲለር (ቀዳዳ የሚደፍን ቅብ) መቀባት፣ በየመሀሉም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ያስፈልጋል። ሞዴሏ በ1፡64፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 64 ጊዜ አንሳ፣ የተሠራች ስለሆነች አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ጭረት በእውነተኛዋ ብሉኖዝ ላይ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ስንጥቅ ማለት ናት። ባስዉድ ግን ደቃቅና ወጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲለር ቀብታችሁ በ220 ቁጥር ወረቀት ብታሹት ይበቃዋል።

ዋናው ምክንያታችን ግን የመርከቧ ኋላ ነው። ቀፎውን የሚሸፍነው ስትሪፕ (ረጅም ቀጭን እንጨት) ከመጨረሻው ጎድን (ለቀፎው ቅርጽ ከሚሰጡት አግድም እንጨቶች) ተነስቶ ወደ ኋላው ሳንቃ ሲሻገር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ መታጠፍም መጠምዘዝም አለበት። ዋልነቱ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ከውጭ በኩል ፀጉር የመሰለ ሰንጣቃ ያሳያል፤ ትንሽ ሲጫኑት ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ፣ ስንጥሩን እየጎተተ ይሰበራል። ባለፈው ዓመት ስለዚህ ሣጥን ከደወላችሁልን መካከል አብዛኞቻችሁ የደወላችሁት እዚሁ ቦታ ላይ ስለተሰበረባችሁ ነበር። ምትክ ስትሪፕ በነፃ ስንልክ ከረምን። ምትኩም ይሰበር ነበር።

ባስዉዱን ለብ ባለ ውኃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ በኋላው በኩል አስጠግታችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፤ ሌሊቱን ይደር። ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ኮላው የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ስትሪፕ በኮላ የለጠፈ ሰው ግን ከሳምንት በኋላ በየመሀሉ ክፍተት ያገኛል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ወርዱ ይቀንሳልና። የባስዉድን ጉድለትም አንደብቅም፦ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር እንኳ ያርፍበታል፣ ብዙ ከዘፈዘፉት ደግሞ ፀጉር ያወጣል። ጥርስ ባለው መያዣ አትጫኑት፤ በመቆንጠጫውና በእንጨቱ መካከል ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

እንጨት ቢለወጥም የማይለወጥ አንድ ነገር አለ፤ ማጥበብ። በመካከለኛው ጎድን ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ስትሪፕ ወደ ፊት ሲሄድ መጥበብ አለበት። ቀጭን ወረቀት በጎድኑ ላይ አሳርፋችሁ ያልተሸፈነውን ርቀት ለኩና ለቀሩት ስትሪፖች ቁጥር አካፍሉት። 66 ሚሊ ሜትር ቀርቶ ስትሪፑ 22 ከሆነ፣ እያንዳንዱ እዚያ ጎድን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከግማሽ ወርዱ በታች ግን አታውርዱት። ሳያጠቡ በጎን በኩል በግድ የሚያጎብጡት ሰዎች ጠርዙ ይነሳባቸዋል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ስቱኮ አይሸፍነውም። አንድ በግራ ስትለጥፉ አንድ በቀኝ ለጥፉ፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው የሚሄዱት አከርካሪው (ጎድኖቹ የተሰኩበት የመሀል እንጨት) ይጣመምባቸዋል። እኛም በበኩላችን የአከርካሪውን ኮምፔንሳቶ ከ4 ወደ 5 ሚሊ ሜትር አወፍረነዋል። ይህን ያስተዋለልን ሰው አለመኖሩ ትንሽ አሳዝኖናል።

የስትሪፑንም ቁጥር ተመልከቱልን። ቀፎው 68 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስትሪፑ ደግሞ 61፤ ስለዚህ ሁለት እያጋጠሙ መሥራት ግድ ነው። በየጎኑ ወደ 22 ረድፍ ስለሚፈጅ፣ አንድም ሳይበላሽ 49 ያህል ስትሪፕ ይሄዳል። የድሮው ሣጥን 50 ብቻ ነበር የያዘው፤ የተሰበረበት ሰው መሀል ላይ ይቆም ነበር። አሁን 64 አድርገነዋል። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ጎድን ላይ ይረፍ፤ አንድ ጎድን ላይ የተጋጠመ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ረድፍ ሳይዘል ሌላ መጋጠሚያ እዚያው አይደገም።

«ታዲያ ዋልነቱ ከቀረ ዋጋው እንዴት ጨመረ?» ለሚለው ሒሳቡን እናሳያችሁ። ሣጥኑ 189 ዶላር ነበር፣ አሁን 214 ነው። እንጨቱን በመለወጣችን 11 ዶላር ተርፎልናል። የተጨመሩት ስትሪፖችና የወፈረው አከርካሪ 10 ዶላር ወስደዋል፣ ማጓጓዣው 7 ጨምሯል። የነሐስ ዕቃው፣ የገመድ መዘውሩ (ብሎኩ) እና ክሩ ከአውሮፓ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚመጣልን፤ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባቱ ኦገስት 29 ቀን 2025 ስለቀረ በየሣጥኑ 19 ዶላር ተጭኖብናል። 25 ዶላሩ ይኸው ነው፤ አንዲት ሳንቲም ለራሳችን አልጨመርንም። መመሪያውን በአማርኛ እያዘጋጀን፣ ማታ ማታም ስልካችሁን እያነሳን ዘጠኝ ዓመት ቆይተናል፤ ለዚህ ዋጋ ጠይቀን አናውቅም፣ አሁንም አንጠይቅም።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ቀፎዋን ሳትቀቡ በዋልነት ልታዩአት የምትሹ ካላችሁ ምርጫችሁን እናከብራለን፤ በመጋዘን የቀረን ዋልነት ስላለ የመላኪያውን ብቻ ከፍላችሁ 50 ስትሪፕ እንልክላችኋለን። ለኋላው በኩል ግን ከባስዉዱ ተጠቀሙ፤ እዚያ ቦታ በመጀመሪያ ሽፋንነት አስገብታችሁ ዋልነቱን በስሱ ከላይ ብትለጥፉበት አይሰበርባችሁም። ስትሪፕ ያልተቆረጠበትን ሣጥን እስከ የካቲት መጨረሻ መልሱልን፤ የመመለሻውን ወጪም ጭምር ሙሉ ገንዘባችሁን እንሰጣችኋለን። የጀመራችሁት ደግሞ እባካችሁ አታቋርጡ። ቅር ብሏችሁም ቢሆን ደውሉልን፤ ከናንተ ሌላ ይህን ሥራ በአማርኛ የምናወራው ሰው የለንም።

አንድ ነገር ለአሁኑ ወቅት፦ ማሞቂያ በሚሠራበት ክረምት የቤት አየር በጣም ይደርቃል። ስትሪፖቹን ከላስቲካቸው አውጥታችሁ በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አሳርፏቸው፣ ከዚያ ጀምሩ። በተለይ አየሯ ደረቅ በሆነው በዴንቨር ያላችሁ ይህን አትዝለሉት።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት