በሻይ ሥነ ሥርዓት ስም የተሰየመ ሽቶ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጃፓንን የሻይ ሥነ ሥርዓት መነሻ አድርጎ ስለተቀመመ ቀለል ያለ አረንጓዴ ሽቶ በውበት ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ስለ ሽቶ ቅመማ እንደ ማንኛውም ጥበብ በቁም ነገር ሊጻፍ ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ጽሑፉ ሳያነሳው ባለፈው አንድ ዋና ጉዳይ ላይ ይህን ልኬያለሁ። የሻይ ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ስለ ጠረን ጥብቅ ልማድ አለው፤ ከልማዶቹም አንዱ ተጋባዡ ሽቶ ተቀብቶ እንዳይመጣ የሚጠይቅ ነው።

ምክንያቱ ከክፍሉ ጠባይ ይመነጫል። ሥርዓቱን ዛሬ ለምናውቀው መልክ ያበቃው ሴን ኖ ሪክዩ (እ.ኤ.አ. 1522–1591) የሻይ ክፍሉን እስከ ሁለት የታታሚ (ከሣር የሚሠራ የጃፓን የወለል ምንጣፍ) ስፋት ድረስ አጥብቦታል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው ልብስ የሚወጣ ኃይለኛ ሽታ የሁሉንም አፍንጫ ስለሚይዝ፣ የታታሚው ሣር፣ የከሰሉ ፍም፣ ከብረት ማንቆርቆሪያው የሚወጣው እንፋሎትና የሻዩ የራሱ ጠረን ተሸፍነው ይቀራሉ። አበባም ቢሆን ከዚህ ጥንቃቄ አያመልጥም። የሪክዩ ናቸው ተብለው በሚነገሩት የግጥም ምክሮች ውስጥ በሻይ ክፍል የማይቀመጡ አበቦች ተዘርዝረዋል፤ ከእነርሱም መካከል መዓዛው ከሩቅ የሚሰማው ዳፍኔ ይገኝበታል።

ይህ ሲባል ግን ክፍሉ መዓዛ የለውም ማለት አይደለም። አስተናጋጁ ከሰሉን ካሰናዳ በኋላ ዕጣን ይጨምርበታል፣ የዕጣኑም ዓይነት ከወቅቱ ጋር ይለወጣል። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ እሳቱ ወለሉ ውስጥ በተሠራው ምድጃ በሚነድበት ጊዜ፣ ከልዩ ልዩ መዓዛማ ዱቄቶች ተለውሶ የተድቦለቦለ ዕጣን ይጨመራል፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ በተንቀሳቃሹ ምድጃ ላይ የሰንደል እንጨት ስንጣሪ ይቀመጣል። በቡና ሥነ ሥርዓታችን ዕጣን ሲጨስ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የእኛ ዕጣን ቤቱን ሞልቶ ደጅ ድረስ እንዲዘልቅ ሲፈለግ፣ የእነርሱ ግን የከሰሉን ሽታ አለዝቦ በዝግታ እንዲቆይ መፈለጉ ነው።

ወደ ሻዩ ስንመጣ፣ ለማቻ፣ ማለትም በሥነ ሥርዓቱ ለሚጠጣው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት፣ የሚሆነው ቅጠል ከመለቀሙ በፊት ለሳምንታት ከፀሐይ ተከልሎ እንዲያድግ ይደረጋል፤ በኪዮቶ አጠገብ የምትገኘው ኡጂ በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ጥላው ቅጠሉን አረንጓዴነቱን ያጠነክርለታል፣ ጣዕሙንም ያለሰልሰዋል። ከተለቀመ በኋላ ወዲያው በእንፋሎት ስለሚታጠን አይጠቁርም፤ ከደረቀም በኋላ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ሻዩ ከሚጠጣበት ጎድጓዳ ሳህን የሚወጣው ጠረን እርጥብ ሣርንና የባሕር አረምን የሚያስታውስ፣ ከባድና ጥልቅ ነው። ሎሚ የለበትም፣ ስኳርም የለበትም።

በገበያ ላይ «አረንጓዴ ሻይ» የሚባሉት ሽቶዎች በአብዛኛው ከሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ሽቶ ቀማሚ ዣን ክሎድ ኤሌና ለቡልጋሪ ኩባንያ የሠራው የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ የብዙዎቹ አባት ሊባል ይችላል። የሻዩን ስሜት የፈጠረው በዋናነት ሁለት ዓይነት ንጥረ ነገሮችን በማዛመድ ነው። አንደኛው የጃስሚን አየር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 «ኦ ሶቫዥ» የተባለው የክርስቲያን ዲዮር ሽቶ ዝነኛ ያደረገው ሄዲዮን ሲሆን፣ ሌላው የቫዮሌት አበባ መዓዛ የሚሰጠው አዮኖን ነው። ከአዮኖን ዓይነቶች አንዱ በሻይ ቅጠል ውስጥም በተፈጥሮ ስለሚገኝ፣ ይህ ጥምረት በዘፈቀደ የተገኘ አይደለም። እኔ በበኩሌ ታላቅ ሥራ ነው እላለሁ። ሆኖም ያ ሽቶ በስሙ ያነሳው ሻይን ብቻ ነበር፤ ሥነ ሥርዓቱን መነሻዬ ነው አላለም።

ሥነ ሥርዓቱን በስሙ የሚጠራ ሽቶ ግን ቤርጋሞት ከተባለው የሎሚ ዘመድ ፍሬና ከሎሚ ትኩስነት ያለፈ ነገር ሊኖረው ይገባል። የደረቀ ሣር፣ የታጠነ ቅጠል፣ ጥቂት የከሰል ድርቀት፣ ከሥር ደግሞ ቀጭን የሰንደል መዓዛ ቢኖርበት ስሙ በተገባው ነበር። ጽሑፋችሁ እንደ ድክመት የቆጠረውን የሽቶውን ስስነት እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚሰማ፣ ክፍሉን የማይወርር ሽቶ ከሪክዩ መንፈስ ጋር የሚስማማ በመሆኑ፣ ሽቶው ለሥነ ሥርዓቱ ታማኝ የሆነው ምናልባት በዚህ ጠባዩ ነው።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት እንዲህ ያሉ ሽቶዎችን ሲያስተዋውቅ፣ ከጠርሙሱ ቀለምና ከዋጋው ጋር በውስጡ የሚሰሙትን መዓዛዎች ለይቶ እንዲነግረን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሽቶውን የገዛ አንባቢም ወደ ሻይ ሥነ ሥርዓት የሚጋበዝበት ዕድል ቢገጥመው፣ በዚያን ዕለት ሳይቀባው መሄድ እንዳለበት በአንድ መስመር ብትጠቁሙልን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ